ጣልቃ በተገባበት የብሪጅ ጨረታ የከፋቹ ሁለተኛ ጥሪ፦ ምን ይታጣል፣ ምን ይገኛል?

ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በአጋርነት የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ጨረታ ይካሄዳል። የሚጠራው ዋጋ ገንዘብ ሳይሆን ከ13ቱ ዙሮች ስንቱን ለማሸነፍ ውል እንደሚገባ የሚገልጽ ነው፤ «1 ስፔድ» ማለት ስፔድ ሌሎቹን ዓይነቶች የሚበልጥ ትራምፕ ሆኖ 7 ዙር እናሸንፋለን ማለት ነው፤ ከ6 በላይ ያለው ብቻ ይጠራልና። በገበያ ጨረታ ተጫራቹ ዋጋውን የሚያሰማው ለሻጩ ነው። በብሪጅ ግን ጥሪው በዋናነት የሚነገረው እጁን ማየት ለማይችለው አጋር ነው፤ ተጋጣሚዎችም እኩል ይሰሙታል።

ለዚህ ንግግር የተፈቀዱት ቃላት ጥቂት ናቸው። ከ1 ክለብ እስከ 7 ያለ ትራምፕ 35 የዋጋ ጥሪዎች አሉ፤ የዓይነቶቹ ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ኸርት፣ ስፔድ፣ ያለ ትራምፕ ነው። በተጨማሪ ፓስ፣ ደብልና ሪደብል አሉ። በአንጻሩ አንድ ተጫዋች ሊደርሱት የሚችሉት የ13 ካርታ እጆች ብዛት 635,013,559,600 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥሪ ትርጉሙን የሚያገኘው በአጋሮቹ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓሪስ ውስጥ ኑክ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከስምንት የዓለም ሻምፒዮኖች ጋር ተወዳድሮ ሲያሸንፍ ፈተናው በካርታ አጣጣሉ ላይ ብቻ የተወሰነ እንደነበር፣ ጨረታውም እንዳልተካተተ ማስታወስ ይገባል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንግባ። ከፋቹ 1 ዳይመንድ ይላል፤ ተጋጣሚ ያልፋል፤ አጋር 1 ስፔድ ብሎ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ተጋጣሚ 2 ኸርት ብሎ ጣልቃ ይገባል። ተራው እንደገና የከፋቹ ነው። ጥሪ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድምና 1 ያለ ትራምፕ፣ 2 ክለብ፣ 2 ዳይመንድና 2 ኸርት ከእጁ ወጥተዋል፤ አራት ቃላት ጠፍተዋል። በምትኩ ሁለት አግኝቷል። ጣልቃ ባይገባ ኖሮ የአጋሩ ጥንካሬ ጣሪያ ስላልታወቀ በስምምነቱ መሠረት ማለፍ አይችልም ነበር፤ አሁን ግን ቢያልፍም አጋሩ ሌላ ተራ ስለሚያገኝ ፓስ የተፈቀደ ቃል ሆኗል። ደብልም እንዲሁ። ጨረታው 1 ክለብ፣ ፓስ፣ 1 ኸርት፣ 1 ስፔድ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሚጠፋው 1 ስፔድ ብቻ ነው፤ የሚገኙት ግን ያው ሁለት ናቸው። ጣልቃ ገብነት ሁልጊዜ ንግግርን ያጠባል የሚለው የተለመደ አባባል እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው፤ በዝቅተኛ ደረጃ ሲሆን ያሰፋዋል።

እነዚህን ሁለት ቃላት ለምን ተግባር ማዋል ይበጃል? የታወቀው መልስ አሜሪካዊው ኤሪክ ሮድዌል ያፈለቀው «የድጋፍ ደብል» ነው። ከፋቹ በአጋሩ ዓይነት ልክ ሦስት ካርታ ካለው ደብል ይላል፤ አራት ካለው ዓይነቱን ደግፎ 2 ስፔድ ይላል፤ ከሦስት ካነሰ ደግሞ ያልፋል ወይም ሌላ ይጠራል። ዳይመንዱ አስ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 6፣ 3 የሆነ ሦስት እጆችን እንውሰድ። አንደኛው ስፔድ ንጉሥ፣ 8፣ 5፤ ኸርት 7፣ 4፤ ክለብ ንጉሥ፣ 9፣ 2 አለው። ሁለተኛው ስፔድ ንጉሥ፣ 8፣ 5፣ 3፤ ኸርት 7፣ 4፤ ክለብ ንጉሥ፣ 9። ሦስተኛው ስፔድ 8፣ 5፤ ኸርት ንጉሥ፣ 7፣ 4፤ ክለብ ንጉሥ፣ 9፣ 2። አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ተብሎ ሲቆጠር ሦስቱም እኩል 13 ነጥብ ናቸው። የመጀመሪያው ደብል፣ ሁለተኛው 2 ስፔድ፣ ሦስተኛው ፓስ ይላል። ነጥብ ብቻ የሚቆጥር ተጫዋች ልዩነታቸውን አያይም።

የአንዲት ካርታ ልዩነት ይህን ያህል የሚመዝነው ለምንድን ነው? ፈረንሳዊው ዣን ሬኔ ቬርን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው፣ ላሪ ኮኸንም በ1992 በመጽሐፉ ያስፋፋው «የጠቅላላ ዙሮች ሕግ» ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው በተሻለ ትራምፓቸው የሚያሸንፏቸው ዙሮች ድምር ከሁለቱ ትራምፖች ካርታ ድምር ጋር ተቀራራቢ ነው ይላል። ሕግ ይባል እንጂ ግምት ነው። ተግባራዊ ትርጓሜው ግን ግልጽ ነው፦ 8 ትራምፕ ያለው ወገን እስከ 8 ዙር፣ 9 ያለው እስከ 9 ዙር ቢጫረት አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። አጋር አምስት ስፔድ ይዟል እንበል፤ ተጋጣሚዎችም 3 ኸርት ደርሰዋል። ደብል ከሰማ ድምሩ 8 ነውና ዝም ይላል። 2 ስፔድ ከሰማ 9 ነውና 3 ስፔድ ይላል። ሳያውቅ ቢደፍር ምን ይከተላል? ተጋጣሚዎች 3 ኸርትን ቢያሳኩ የሚያገኙት 140 ነው፤ እርሱ ለከፍተኛ ቅጣት በተጋለጠበት እጅ 3 ስፔድን በአንድ ዙር ቢያጣና ደብል ቢደረግበት 200 ይከፍላል። ውጤት ከሌሎች ጠረጴዛዎች ጋር በሚነጻጸርበት የጥንዶች ውድድር ይህች የ60 ነጥብ ልዩነት አማካይ ውጤትን ወደ መጨረሻው ደረጃ ልትጥል ትችላለች።

ስምምነቱ ዋጋ አለው። ኸርት ንጉሥ፣ ጃክ፣ 10፣ 8 የያዘ ከፋች ጣልቃ የገባውን ሊቀጣው ቢፈልግ ደብሉ ለሌላ ትርጉም ተሰጥቷልና ማለፍና አጋሩ ደብል እንዲል መጠበቅ አለበት፤ አጋሩም ካለፈ ቅጣቱ ቀረ። ቢሆንም ልውውጡ የሚያዋጣ ይመስለኛል። በ2 ደረጃ ጣልቃ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ኸርት ስለሚይዝ ለሦስቱ ተጫዋቾች የሚቀሩት ቢበዛ ስምንት ናቸው፤ ከእነርሱ አራት ጠንካሮች ከፋቹ ዘንድ መገኘታቸው ብርቅ ነው። በአንጻሩ በአንድ ዓይነት ልክ ሦስት ካርታ መያዝ፣ ከጨረታው በፊት ሲሰላ፣ 28.6 በመቶ የሚያጋጥም ከሁሉም የተለመደ ርዝመት ነው። ጣልቃ ገብነቱ 3 ክለብ ወይም 3 ዳይመንድ ሲደርስ ግን ስምምነቱን ማራዘም አልደግፍም፤ በዚያ ከፍታ ቅጣቱ ይበልጥ ያዋጣል።

ፓስ መልእክት ያለው ቃል ከሆነ አነጋገሩም ይጠበቃል። ከፋቹ ረጅም ጊዜ አስቦ ቢያልፍ «ሁለት ስፔድ ብቻ ነው ያለኝ፤ ነገር ግን እጄ ጥሩ ነው» እንዳለ ይቆጠራል፤ ይህም በስምምነቱ ውስጥ የሌለ መረጃ ነው። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን የ2017 ሕግ አንቀጽ 16 አጋሩ ምክንያታዊ ከሆኑ አማራጮች መካከል ያ ማመንታት የጠቆመውን እንዳይመርጥ ይከለክላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጥንዶች ደብልም ይሁን ፓስ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለመጥራት ይለማመዳሉ፤ የደብሉንም ትርጉም ተጋጣሚ ሲጠይቅ ሳይሸሽጉ ያስረዳሉ።