የከረሜላው ቆርቆሮና ቀዳዳዎቹ

አልቶይድስ የሚባለው ሚንት ከረሜላ የሚሸጥበት ባለ ክዳን ቆርቆሮ ኪስ ውስጥ ይገባል። ቹ ሞይ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 የትንሽ የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ ንድፍ ካወጣ ወዲህ፣ ከረሜላውን ለቆርቆሮው ሲል ብቻ የሚገዛ ጀማሪ አልጠፋም። ሲሞይ የሚባለው ይህ ማጉያ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ቺፕ፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ናቸው። ሠሪዎቹ ስለ ቺፑ ሲከራከሩ ያድራሉ፤ ማዳመጫው የሚሰካበት ጃክ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ያገኘውን ያነሳሉ። እኔ ክርክሩ ከጃኩ ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ቆርቆሮው ነው። ድምፅ ከዜሮ በላይም በታችም ስለሚወዛወዝ፣ ሲሞይ 9 ቮልቱን በሁለት እኩል ሬዚስተሮች ይከፍልና መካከለኛዋን ነጥብ ግራውንድ ያደርጋታል። የማዳመጫው ግራውንድ እንግዲህ ከባትሪው ኔጋቲቭ 4.5 ቮልት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። አንገቱ ብረት የሆነ ጃክ ቆርቆሮው ላይ ሲታሰር ቆርቆሮው ያቺን መካከለኛ ነጥብ ይሆናል። ከጎኑ ውጪው ኔጋቲቭ የሆነ፣ አንገቱም ብረት የሆነ የአዳፕተር ሶኬት ከተጨመረ ደግሞ ያው ቆርቆሮ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ተያያዘ ማለት ነው። ግራውንዱ ወደ ኔጋቲቭ ይወርዳል፣ ድምፁ ይበላሻል፣ ሠሪው ቺፑን ሲወቅስ ያመሻል። ስለዚህ አንገቱ ፕላስቲክ የሆነ ጃክ ፈልጉ።

መጠኑ ብዙ አያከራክርም። 6.35 ሚሊሜትሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቴሌፎን ኦፕሬተሮች ደንበኛን ከደንበኛ ሲያገናኙበት የኖረ ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ለዚህ ቆርቆሮ ግን ይገዝፋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የሶኒ ዎክማን የተጠቀመበት 3.5 ሚሊሜትር ይበቃል። ባለ አምስት ንክኪው 4.4 ሚሊሜትር ለሲሞይ ጌጥ ነው፤ ከማጉያው የሚወጣው ግራ፣ ቀኝና ግራውንድ ብቻ ነውና። ቦርዱ ላይ ብቻ ከሚበየደው ይልቅ በዳዶ ግድግዳው ላይ የሚታሰረው ይመረጣል። ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ጉልበቱን የሚችለው ዳዶው ነው፤ ብየዳው አይሰነጠቅም።

ጃክ አንድ መጥፎ ጠባይ አለው። ጃኩ ውስጥ የሚሰካው ወንዴ ጫፉ ግራ፣ ቀለበቱ ቀኝ፣ ግንዱ ግራውንድ ነው፤ ሲሰካ ታዲያ እየተንሸራተተ የማይመለከታቸውን ንክኪዎች ሁሉ ይነካል። ቀለበት የሌለው የሞኖ ወንዴ ከተሰካማ ቀኙ ከግራውንድ ጋር ሾርት ሆኖ ይቀራል። ይህንኑ ጃክ ለኤሌክትሪክ ማስገቢያ የሚያውሉ አሉ፤ አታድርጉት። ለዚያ ክቡ የአዳፕተር ሶኬት አለ። የውጪው ስፋት 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ የመሃሉ መርፌ 2.1 ወይም 2.5 ሊሆን ይችላል፤ በዓይን ስለማይለይ ለኩት።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ፣ ባትሪው ሳይገባ፣ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ቆርቆሮው ላይ፣ ሌላውን የጃኩ ግራውንድ እግር ላይ አሳርፉ። ጢጥ ካለ የሆነ ቦታ ተነካክቷል፤ ከቦርዱ ሥር ሳይቆረጥ የቀረ የሽቦ ጭራ ካለ መጀመሪያ እሱን እዩ።