የቪትዝ ሞተር ከወንበር ጀርባ

ስፖርት መኪና ሲነሣ ሁላችሁም ቀድማችሁ የምትጠይቁት ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ሲሲ? ስንት የፈረስ ጉልበት? ካዛንቺስ ላይ ሆናችሁ ስታስቡት ግን መጠየቅ ያለበት ኪሎው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚሁ ይነጠቃል። ታዲያ ትልቅ ሞተር ፍለጋ ከመንከራተት መኪናዋን ማቅለል አይሻልም?

እስቲ እናስላው። ባለ 1,000 ሲሲዋ ቶዮታ ቪትዝ በፋብሪካው ቁጥር 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት፤ እዚህ 53 ቢቀራት ነው። ክብደቷ ደግሞ ወደ 1,000 ኪሎ ይጠጋል። ያንኑ ሞተር ሳትነካኩት 500 ኪሎ በምትመዝን መኪና ላይ ብትገጥሙት፣ አንዱ ፈረስ የሚጎትተው ሸክም በግማሽ ወረደ ማለት ነው። አንዲት ሳንቲም ለሞተር ሳታወጡ!

500 ኪሎ ደግሞ ተረት አይደለም። እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያ መኪናውን ከአሮጌ ኦስቲን ሰቨን ተነሥቶ የሠራው በፍቅረኛው ወላጆች ቤት ጓሮ በነበረ ጋራዥ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣት ሎተስ ሰቨን ከ500 ኪሎ ብዙም አትርቅም ነበር። ተፈታትታም ትሸጥ ነበር፤ ገዢው ራሱ ከገጣጠማት በሙሉ መኪና ላይ የሚጣለው ግብር አይነካውማ። (ከቀረጥ ጋር ድብብቆሽ የኛ አገር ሰው ብቻ የሚጫወተው እንዳይመስላችሁ።) እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ሮን ቻምፒዮን የሚባል እንግሊዛዊ ይህችን የመሰለች መኪና በ250 ፓውንድ እንዴት እንደምትሠራ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ጓሮ ውስጥ ብየዳ ተንጣጣ!

የሚበየደው 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ግድግዳው ከ1.5 ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ነው። ይህን የመሰለ ቀጭን ብረት ሰው እንዴት ይሸከማል? ምስጢሩ ሦስት ማዕዘን ነው። አራት እንጨት በአንዳንድ ሚስማር አገናኙና ጥጉን ግፉት፤ ይንጋደዳል። ሦስት እንጨት አገናኙና ግፉ፤ ንቅንቅ የለም። ስለዚህ ሻንሲው ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ስታዩ አንድ ቱቦ አግድሙበት። ብየዳው ላይ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሙቀት ብረትን ይስባል፤ አንዱን ጎን በየዳችሁ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ብትሄዱ ሻንሲው ይጠመዘዛል። መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ በነጥብ ብቻ ማያያዝ፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለክቶ ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆናቸውን ማየት፣ ከዚያ ቀኝና ግራ እያፈራረቁ መሙላት ነው። ኤሌክትሮድ ቀጭን ቱቦ ይበሳል፤ በሽቦ የሚበይደው ማሽን ያለው ሰው ቂርቆስ ውስጥ ፈልጉ።

አሁን ደስ የሚለኝ ክፍል መጣ። የቪትዝ ሞተርና ካምቢዮ የሚያዞሩት የፊት ጎማ ነው። ሁሉንም እንዳለ ከነዘንጎቹ አንሡና ከወንበሩ ጀርባ አስቀምጡት፤ የኋላ ጎማ የሚያዞር፣ ሞተሩ መሐል የሆነ መኪና አገኛችሁ። የቶዮታ ኤምአር2 አሠራርም ይኸው ነው። ወደ ኋላ ሳቡት እንጂ ፊቱን እንዳታዞሩት፤ ካዞራችሁት አንድ ወደ ፊት፣ አምስት ወደ ኋላ የሚሄድ ማርሽ ይኖራችኋል። ጎማዎቹን ያጣምሙ የነበሩት የመሪ ክንዶችም ከሻንሲው ጋር መታሰር አለባቸው፤ ካልታሰሩ የኋላ ጎማዎች እንዳሻቸው ይዞራሉ።

ፍሬኑን አደራ። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ ኋላው ይቀላል። የቪትዝን ትልልቅ የፊት ዲስኮች ከሞተሩ ጋር ወደ ኋላ ወስዳችሁ ፊት ላይ ደካማ ፍሬን ብትተዉ፣ የኋላው ቀድሞ ይነክስና መኪናዋ ትሽከረከራለች። መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ለፊትም ሌላ የዲስክ ጥንድ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ግፊቱን ለፊት የሚያደላ ማከፋፈያም ጨምሩ።

ቤንዚን አልፈልግም ለምትሉም መንገድ አለ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ፣ የተጋጨ ኤሌክትሪክ መኪና ማግኘት እየቀለለ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ያ ሩብ ጉልበት ከነጭራሹ አይነካም። ጣጣው ባትሪው ነው፤ በስንት መከራ የቀነሳችሁትን ኪሎ መልሶ ይጭንባችኋል። እኔ ቪትዟን እመርጣለሁ።

ቦታውም ይታሰብበት። ሥራው ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ስትፈርስ ያያችሁ፣ ግማሽ ሻንሲ ተሸክሞ ቤት መቀየር ምን እንደሚመስል መገመት አያቅታችሁም።

ከዚያ ሊብሬ አለ። ሊብሬ ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ይሰፍራል፤ ከቱቦ የበየዳችሁት ሻንሲ ደግሞ ቁጥር የለውም። ታርጋና ቦሎ የምትፈልጉ ከሆነ ብረት ሳትቆርጡ ንድፉን ይዛችሁ መዝጋቢው ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። መንገዱ ከጠበበባችሁ ከአሮጌ ቮልስ ጀምሩ። ቮልስ አካሏ ሲነሣ ወለሏ ከነሞተሩ፣ ከነመሪውና ከነጎማው ለብቻው ይቀራል፤ የሻንሲ ቁጥሯም እዚያው ወለሉ ላይ ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያን ወለል አሳጥሮ ማንክስ የተባለችውን የአሸዋ መኪና ሠርቶበታል። አካሉን ስለ መቀየር ፈቃድ መጠየቃችሁ እዚህም አይቀርም፤ ቢያንስ ግን በእጃችሁ ቁጥርና ሊብሬ ይዛችሁ ነው የምትጠይቁት።