ምን እንደሚሸጥ የባለቤቱ፣ ለማን እንደሚሸጥ የሕግ

በአሜሪካ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ አማኝ ሁለት ዓይነት ሕጎች ይመለከቱታል። አንዱ እምነቱን ይጠብቅለታል፤ ሌላው ደንበኛውን ከአድልዎ ይጠብቃል። ብዙዎች ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላቸዋል። ስድሳ ዓመት ያስቆጠረው የፍርድ ቤቶች ልምድ ግን አንድ ዋና መስመር አስምሯል፤ ምን ልሽጥ የሚለው በአብዛኛው የባለቤቱ ምርጫ ሲሆን፣ ለማን ልሽጥ የሚለው የሕግ ጉዳይ ነው። ይህ መስመር አነስተኛውን ነጋዴ ከሚጎዳው ይልቅ የሚጠቅመው ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ሰውን በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር እንዳይለዩ ከለከለ። በሳውዝ ካሮላይና የፒጊ ፓርክ ባርቤኪው ቤቶች ባለቤት ጥቁሮችን ከነጮች እኩል ማስተናገድ ከእምነቱ ጋር እንደሚጋጭ ቢከራከርም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 ክርክሩን መሠረተ ቢስ ብሎታል። እዚህ ላይ አንድ የኢኮኖሚ ጥያቄ ይነሳል፤ ደንበኛ የሚያባርር ነጋዴ በራሱ የሚከስር ከሆነ ሕግ ለምን አስፈለገ? ኢኮኖሚስቱ ጌሪ ቤከር በ1957 ባሳተመው ሥራ አድልዎ አድራጊውንም ዋጋ እንደሚያስከፍለው ስላሳየ ጥያቄው መሠረት አለው። ይሁን እንጂ በደቡብ ግዛቶች ብቻውን በሩን ለጥቁሮች የከፈተ ነጋዴ ነጭ ደንበኞቹ ወደ ጎረቤቱ እንዳይሄዱበት ይሰጋ ነበር። ስለዚህ መክፈት የሚፈልገውም ዘግቶ ተቀመጠ። ሕጉ ሁሉንም እኩል ሲያስገድድ ስጋቱ ተነሣ። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው ጋቪን ራይት እንዳሳየውም የደቡቡ ንግድ ከለውጡ አተረፈ እንጂ አልከሰረም።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ የህሊና ጥያቄ ነው። ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሠርግ ኬክ አልሠራም ያለው የኮሎራዶ ኬክ ጋጋሪ በ2018 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ ሲያሸንፍ፣ ለነጋዴዎች ሁሉ ፈቃድ የተሰጠ የመሰላቸው ነበሩ። ውሳኔው የተመሠረተው ግን የግዛቱ ኮሚሽን ለእምነቱ ጥላቻ በማሳየቱ ላይ ነበር። በ2023 ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ አንዲት የድረ ገጽ ዲዛይነር የማታምንበትን መልእክት እንድትፈጥር መንግሥት ሊያስገድዳት እንደማይችል ወሰነ። ይህ ጥበቃ ተገቢ ነው፤ የሚመለከተው ግን በንግግር ነፃነት የሚሸፈን የፈጠራ ሥራን ነው። መልእክትንና ዕቃን የሚለየው ድንበር ሁልጊዜ ጥርት ብሎ ባይታይም፣ ምግብ የሚያቀርብ ወይም አልጋ የሚያከራይ ሰው በዚህ ፍርድ ተከልሎ ደንበኛ ሊመልስ አይገባም።

ጉዳዩ በዋሽንግተንና አካባቢዋ ምግብ ቤት ለሚያስተዳድሩ ኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። የአሳማ ሥጋ ወይም መጠጥ አለመሸጥ፣ የጾም ምግብ ብቻ ማቅረብ፣ በበዓል ቀን መዝጋት የባለቤቱ መብት ነው። መስቀል ያሰረችውን ወይም ሂጃብ የለበሰችውን በዚያ ምክንያት መመለስ ግን ክልክል ነው። ሠራተኛም በእምነቱ ምክንያት ሊበደል አይገባም፤ 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት በፌዴራል ሕግ ይገደዳል፤ በአንዳንድ ግዛቶች ሕግ ደግሞ ከዚያ ያነሱትም ይገደዳሉ። ሠራተኛው በሰንበት አልሠራም ቢል፣ ግሮፍ ተብሎ ከሚጠራው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2023 ውሳኔ ወዲህ አሠሪው ጥያቄውን ለመከልከል ለድርጅቱ ከፍተኛ ተጨማሪ ወጪ እንደሚያመጣበት ማስረዳት አለበት።

ለትንሽ ድርጅት እነዚህን ሕጎች ማክበር ወጪ እንዳለው አይካድም። የክስ ወጪ ግን ይብሳል፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ደጃፉ ለአንዳንዶች ብቻ የሚከፈት ገበያ ነው፤ እንዲህ ባለው ገበያ ቀድሞ የሚጎዳው አናሳው ነው፤ ስደተኛ ነጋዴም ከአናሳዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ባለ ድርጅቶች የማይሸጡትን አስቀድመው በጽሑፍ ያስታውቁ፣ ደንቡን ለሁሉም እኩል ይተግብሩ፣ የግዛታቸውንም ሕግ ከክስ በፊት ይወቁ።