ቁጥሩ «ይለያያሉ» ይላል፤ ለምን እንደሚለያዩ ግን አይናገርም



ሰሞኑን እዚህ አውሮራ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ቡና እየጠጣን አንድ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ በምራቅ የሚሠራውን የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት አሳየን። ይህን ያህል ከመቶ «ኢትዮጵያና ኤርትራ»፣ ይህን ያህል ደግሞ ሌላ ቦታ ይላል። ወዲያው ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «አየህ? እኛና እነሱ አንድ አይደለንም ስልህ!» አለ። ሌላው «ኧረ ሳይንሱማ አንድ ነን ነው የሚለው» ብሎ ተነሣበት። የሚገርመው ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንኑ ስልክ ነው። ለእኔ ሁለቱም ቁጥሩ ያላለውን እያስባሉት ነበር። እንግዲህ ዛሬ ሳይንቲስቶች «ይህ ሕዝብና ያ ሕዝብ በዘር ውርስ ይህን ያህል ይለያያሉ» ሲሉ ምን እየለኩ እንደሆነ እንይ።

ሁለት ጆንያ ሰርገኛ ጤፍ አስቡ። በአንደኛው ጆንያ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለት ፍሬ ብታወጡ፣ የተለያየ ቀለም የመሆን ዕድላቸው ከመቶ 50 ነው። በሁለተኛው ጆንያ 30 ከመቶው ቀይ፣ 70ው ነጭ ነው፤ እዚህ ዕድሉ ወደ 42 ይወርዳል። የሁለቱ አማካይ 46 ማለት ነው። አሁን ሁለቱን ጆንያዎች እኩል ደባልቋቸው። ቀዩ 40፣ ነጩ 60 ይሆናል፤ ከድብልቁ ሁለት ፍሬ ስታወጡ የመለያየት ዕድላቸው 48 ነው። ከ48 ላይ 46 ሲቀነስ 2 ይቀራል። 2ን ለ48 ስናካፍል 0.04 ገደማ። በቃ፣ መለኪያው ይህ ነው።

ስሙ ኤፍ-ኤስ-ቲ ይባላል፤ ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ አሜሪካዊው ሴዋል ራይት ነው ያስተዋወቀው። 0 ከሆነ ጆንያዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ 1 ከሆነ አንዱ ሙሉ ቀይ ሌላው ሙሉ ነጭ ነው። 0.04 ማለት ደግሞ ካለው ልዩነት ሁሉ 4 ከመቶው ብቻ በጆንያዎቹ መካከል ነው፤ 96ቱ እዚያው በየጆንያው ውስጥ ነው። በሰው ላይ ሲሠራ ይህ ስሌት በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ የዲኤንኤ ቦታዎች ላይ ተደርጎ አማካዩ ይወሰዳል። ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 በተቀራራቢ ዘዴ ሲያሰላ፣ ከሰው ልጅ የዘር ልዩነት 85 ከመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል የሚገኝ ሆኖ አገኘው።

እስቲ ወደ አገራችን እንምጣ። በደቡብ፣ ጂንካ አካባቢ የሚኖሩትን የአሪ ሕዝብ ታውቃላችሁ። በአሪ ውስጥ አራሾች አሉ፣ ብረት ቀጥቃጮች አሉ። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ ግን ቀጥቃጮቹ የተገለሉ ናቸው፣ አራሹ ከእነሱ ጋር አይጋባም። በሰሜኑስ ቢሆን ጠይብ፣ ባለእጅ፣ ቡዳ እየተባለ ስንቱ ተሰድቧል? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በሉካ ፓጋኒ የተመራ ቡድን ከ10 የኢትዮጵያ ሕዝቦችና ከ2 ጎረቤቶቻችን የተወሰደ የ235 ሰዎችን ዲኤንኤ አጠና። በአሪ አራሾችና በአሪ ቀጥቃጮች መካከል የተገኘው ኤፍ-ኤስ-ቲ እንደ ስሌቱ ዓይነት ከ0.023 እስከ 0.04 ነው። ይህ በተለያዩ የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች መካከል ከሚታየው ልዩነት ጋር የሚወዳደር ነው! አንድ ቋንቋ በሚናገሩ ጎረቤታሞች መካከል ማለት ነው። ሰዎችን በቀለም እየመደበ የሚያወጣው የኮምፒውተር ፕሮግራምም ለቀጥቃጮቹ የራሳቸውን ቀለም ሰጣቸው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥናቶች «ቀጥቃጮቹ አራሾቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበሩ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ሳይሆኑ አይቀሩም» ወደሚል ግምት አዘነበሉ። ይህ ለሚያገላቸው ሰው ምን ያህል የሚመች ወሬ እንደሆነ አስቡት፤ «ድሮም ከእኛ አይደሉም» ለማለት።

ግን እዚህ ጋ ወደ ጤፉ እንመለስ። አንድ ገበሬ ከጆንያው በሁለት ጣት ቆንጥሮ ለብቻ ዘራ እንበል። በቁንጣሪዋ ውስጥ በአጋጣሚ ቀዩ በዝቶ ሊገኝ ይችላል። በየዓመቱ ከምርቱ እንደገና ቆንጠር እያደረገ ለዘር ካስቀመጠ፣ ከጊዜ ብዛት ማሳው ሙሉ በሙሉ ቀይ ሊሆን ይችላል። ሌላ ዘር አልመጣም፣ ማንም አልመረጠም። ዕጣ ብቻ ነው። ቁጥራቸው ትንሽ ሆኖ እርስ በርሳቸው ብቻ የሚጋቡ ሰዎችም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፦ ኤፍ-ኤስ-ቲው ያድጋል፣ ፕሮግራሙም «እነዚህ ልዩ ናቸው» ብሎ የራሳቸውን ቀለም ይሰጣቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ የእነዚያኑ ሰዎች ዲኤንኤ ወስደው፣ በዕጣ የሚመጣውን ለውጥ በሚያለዝብ ስሌት እንደገና አዩት። ልዩነቱ በሙሉ በመገለል ሊብራራ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ቀጥቃጮቹና አራሾቹ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የመጡ ናቸው። ሌላ ዘር ስለሆኑ አልተገለሉም፤ ስለተገለሉ ነው በዲኤንኤ የተለዩት። ደስ የሚለው፣ ይህን ጽሑፍ ከፈረሙት መካከል የመጀመሪያው ጥናት መሪ ፓጋኒ ራሱ አለበት፤ ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለም አሉበት። የራስን ግምት እንዲህ መልሶ መፈተሽ በእኛ የፖለቲካ ተንታኞች ዘንድ ቢለመድ ብዬ ተመኘሁ፤ እኔንም ጨምሮ።

የወንድማችን ስልክስ? ኩባንያው ያደረገው ምራቁን ከመዝገቡ ካሉ ሰዎች ጋር ማመሳሰል ነው። «ይህን ያህል ከመቶ» ማለት በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ከእነማን ጋር ይመሳሰላል ማለት እንጂ፣ አያቱ ከየት ተነሥተው የት እንደደረሱ የሚናገር የልደት ወረቀት አይደለም። መዝገቡ ሲሻሻል ቁጥሩም ይቀየራል።

ታዲያ «አማካዩ ትንሽ ከሆነ ልዩነት የለም» ያለውስ ትክክል ነው? እሱም አይደለም። አማካዩ ትንሽ ሆኖ አንድ ጂን ላይ ያለው ልዩነት ሰፊ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ልጅ ያላችሁን ሁሉ ይመለከታል። ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻና የሳል መድኃኒት ጉበታችን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ለዋጩ ኢንዛይም ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው የዚህ ጂን ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ 1 ወይም 2 ከመቶ ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው፣ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእሱ ሊበዛና ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። የአሜሪካው ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ፣ ለሚያጠቡ እናቶችም እንዳይመከር አድርጓል።

ዴንቨርም ሆነ አውሮራ ክሊኒክ ስትገቡ በሚሰጣችሁ ቅጽ ላይ ያለው ሳጥን «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚል ነው። 29 ከመቶው በዚያ ሳጥን ውስጥ ይጠፋል፤ ትርፍ ቅጂው በአፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ በጣም ያነሰ ነውና። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ ወይም ወልዳችሁ እያጠባችሁ ከሆነ፣ «የኢትዮጵያ ተወላጅ ነኝ፤ ኮዴይን ልታዝዙልኝ ከሆነ ሲዋይፒ2ዲ6 ይመርመርልኝ፣ ካልሆነ ሌላ መድኃኒት ስጡኝ» በሉ። 29 ከመቶ ስለ ብዙዎች የሚናገር ቁጥር ነው፤ እናንተ ከ29ኙ ትሁኑ ከ71ዱ የሚያሳየው የራሳችሁ ምርመራ ብቻ ነው።