የጀማሪ ከያኒ ሥራ መቼና ለማን ይታይ?

ሥዕል መሣል ወይም ግጥም መጻፍ የጀመረ ወጣት ገና እጁ ሳይፈታ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የመጀመሪያ ሥራዎቹን ለሕዝብ ያሳይ ወይስ እስኪበስል ድረስ ደብቆ ያቆያቸው የሚለው ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው በአብዛኛው የአዳራሽና የገንዘብ እጦት ነበር፤ ዛሬ ግን የጁባ ሰፈር በሆነችው በኮር ዊሊያም የሚኖር ጀማሪ በከሰል የነደፈውን ፊት በስልኩ አንሥቶ ለማያውቃቸው ብዙ ሰዎች በአንድ ምሽት ሊያደርስ ይችላል። «አትፍራ፣ አሳይ» የሚለውም ሆነ «ሳትበስል አትውጣ» የሚለው ምክር እያንዳንዱ ግማሽ እውነት ብቻ የሚይዘው፣ ሁለቱም ሥራው ለማን እንደሚታይ ሳይጠይቁ ስለሚፈርዱ ነው።

በዚህ ጉዳይ ረጅም ልምድ ያካበተው የኢትዮጵያ ቅኔ ቤት ነው። ቅኔ ቤት በግእዝ አዲስ ግጥም የመድረስ ጥበብ የሚሰጥበት የአብነት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ በዚህ ዘርፍ ስማቸው የገነነ ነው። ተማሪው ግሥና አገባብ ተምሮ ቅኔ ወደ መቁጠር ሲደርስ፣ ማለትም ምጣኔውንና ቤቱን ጠብቆ በልቡ መድረስ ሲጀምር፣ መጀመሪያ የሚሰጠው ጉባኤ ቃና የሚባለው ባለሁለት ቤት ቅኔ ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ተማሪው ከሰው ገለል ብሎ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ዘንድ ይቀርባል፤ መምህሩም የተፋለሰውን ግሥ ያርማል፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገጣጠመለትን ደግሞ እንደገና ቆጥሮ እንዲመጣ ይመልሰዋል። በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በካህናትና በምእመናን ፊት ቆሞ የሚቀኘው ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ከመጀመሪያዋ ሁለት ቤት ጀምሮ ሥራውን ያሳያል፤ ነገር ግን የሚያሳየው ሊያርመው ለሚችል ሰው ነው፣ አደባባዩም የሚሰፋለት በችሎታው ልክ ነው። ከዚህም በላይ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን ስለሚገባው የትናንቱ ዛሬ አይደገምም፤ የጀማሪው ጎዶሎ ሥራ ታርሞ ያልፋል እንጂ ዕድሜ ልኩን ሲጠቀስበት አይኖርም። ስልክና ማኅበራዊ ሚዲያ የሚነፍጉት በተለይ ይህንን የመርሳት ጸጋ ነው።

ወደ ዘመናዊው ሥዕል ሲመጣም ታሪኩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእይ ሲያቀርብ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በፊት በለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በመምህራን ዐይን ሥር ሠልጥኖ ስለነበር፣ ለሕዝብ «የመጀመሪያ» ሆኖ የታየው ሥራ ለእርሱ የመጀመሪያው አልነበረም። በሌላ በኩል እስክንድር ቦጎሲያን ሃያ ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ከንጉሠ ነገሥቱ ኢዮቤልዩ ጋር በተያያዘ ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ተሸልሞ፣ ብዙም ሳይቆይ በመንግሥት ወጪ ለትምህርት ወደ አውሮፓ ተልኳል። ያን ጊዜ ሥራውን ደብቆ ቢሆን ኖሮ ያ በር በዚያ ዕድሜው ባልተከፈተለት ነበር። በጊዜው የታየ ጅማሬ መምህርና የትምህርት ዕድል ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳቱም ግን እውነተኛ ነው። ፍራንሲስ ቤከን የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1934 በለንደን አንድ ምድር ቤት ውስጥ ያቀረበው ዐውደ ርእይ ቀዝቃዛ አቀባበል ስለገጠመው አብዛኞቹን ሥራዎቹን ያጠፋ ሲሆን፣ ለዝና የበቃበትን ሥራ የሠራው ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በ1944 ነበር። ቪንሰንት ቫን ጎህ በበኩሉ «ድንች በሊታዎቹ» የተባለውን ሥራውን የድንጋይ ኅትመት ቅጂ በ1885 ለሠዓሊ ጓደኛው ለአንቶን ቫን ራፓርድ ልኮለት እጅግ መራር ትችት ደረሰበት፤ ወዳጅነታቸውም በዚሁ ሰበብ ሻከረ። ይሁን እንጂ ቫን ጎህ መሣሉን አላቆመም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለእኅቱ ሲጽፍም ያንኑ ሥዕል ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ አድርጎ ቆጥሮታል። ቫን ጎህን ካጸኑት ነገሮች አንዱ በገንዘብም በምክርም ከጎኑ ያልተለየው ወንድሙ ቴዎ እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

ጁባ ከተማ ራሷ ሌላ ዓይነት አደባባይ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመሠረተው «አና ታባን» የተባለው የወጣት ከያንያን ስብስብ፣ ስሙ በዐረብኛ «ደክሞኛል» ማለት ሲሆን፣ በጦርነት ለተሰላቸ ሕዝብ በከተማዋ ግድግዳዎች ላይ ሥዕል በመሣልና የጎዳና ቲያትር በማሳየት ስለ ሰላም ይናገራል። በቡድን በሚሣል የግድግዳ ሥዕል አዲስ ገቢው ልምድ ካለው ሰው አጠገብ ቆሞ ቀለም ሊቀባ ይችላል፤ መንገደኛውም ቆሞ ሐሳቡን ፊት ለፊት ይነግረዋል፤ ጉድለቱም የብቻው ሸክም አይሆንም። በጃንዋሪ 2025 የደቡብ ሱዳን መንግሥት ፌስቡክንና ቲክቶክን ለቀናት ባገደ ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል እንደተለመደው ይታይ ነበር፤ ሥራውን ሁሉ በስልክ ላይ ብቻ ያኖረ ጀማሪ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

እንግዲህ ጀማሪው ማሳየት አለበት፤ ደብቆ የሚያቆይ ሰው ስሕተቱን ይለማመዳልና። ነገር ግን አስቀድሞ ለሁለት ወይም ለሦስት አዋቂዎች ያሳይ፤ ሲያሳይም «እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚመለሰው «ጎበዝ» ብቻ ነውና። የተቀመጠች ሴት በከሰል የነደፈ ወጣት «ጉልበቷ ላይ ያረፈው እጅ ከፊቷ ጋር ሲተያይ አልተለቀም ወይ? ብርሃኑስ ከየት በኩል እንደሚመጣ ይታወቃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በማግስቱ ወረቀቱ ላይ ሊያስተካክለው የሚችለውን መልስ ያገኛል። ላይክ ይህን አይነግረውም፤ ሺህ ላይክም ቢሆን የእጁን መጠን አያርምም። ሥራውን ለብዙኃን ሲያወጣ ልምምድ መሆኑንና የሠራበትን ቀን ይጻፍበት፤ ከሌላ ሠዓሊ የቀዳው ከሆነም የማን እንደሆነ ሳይሸሽግ ይግለጽ፤ መቅዳት ለመማር ይፈቀዳል፣ የሌላውን ሥራ የራስ አስመስሎ ማውጣት ግን ስርቆት ነው።

ከጀማሪው ያልተናነሰ ኃላፊነት የተመልካቹ ነው። በጁባ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸውና፣ ከግድግዳቸው አንዱን በወር ለአንድ ሳምንት ለሰፈራቸው ጀማሪ ሠዓሊ፣ ደቡብ ሱዳናዊም ይሁን ኢትዮጵያዊ፣ ቢለቁለት ወጪው ከጥቂት ምስማርና ክር አያልፍም። ቡናውን እየጠጣ ሥዕሉን የሚያየው ደንበኛም አመስግኖ ብቻ አይለፍ፤ ያየውን ጉድለት በስሙ ጠርቶ በትሕትና ይንገረው።