ከእቅፍ ያልወረደው ልጅ እንዲቆም

በአገራችን ሕፃን አንገቱን ሲያጸና፣ ሲቀመጥ፣ ሲድህ፣ በመጨረሻም «ዳዴ» ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ይቆጥርለታል። ዳዴ የማለት ቀኑ ያልመጣለት ልጅ ግን ከእቅፍ አይወርድም። እናት ታቅፈዋለች፣ አባት ይሸከመዋል፣ አያት ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ ታዝለዋለች። ፍቅር ነውና ማንም አይነቅፈውም። ይሁን እንጂ አጥንት በመታቀፍ አይጠነክርም።

እዚህ ሎስ አንጀለስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች «ስታንደር» የሚሉት መሣሪያ አለ። እኛ መቆሚያ እንበለው። እግርን፣ ጉልበትን፣ ዳሌንና ደረትን በማሰሪያ ደግፎ በራሱ መቆም የማይችለውን ልጅ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ከፊቱም ገበታ አለው። አንገቱን ለሚያጸና ልጅ በሆዱ የሚደገፍበት፣ ለማያጸና በጀርባው ተኝቶ ቀስ በቀስ ቀና የሚደረግበት፣ ከመቀመጫ የሚያነሳ፣ ልጁ ራሱ ጎማውን እየገፋ የሚሄድበትም ዓይነት አለ። የቱ እንደሚስማማ የሚወስነው ልጁን የመረመረ ባለሙያ ነው፤ የጎረቤት ልጅ የሚጠቀምበትን አይቶ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ሕፃን ሲወለድ የዳሌው መገጣጠሚያ ጎድጓዳ ክፍል ገና ጥልቀት የለውም፤ የሚጎደጉደው ልጁ ሲቆምና ሲራመድ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ሳይቆም ሲያድግ፣ የተወጠሩት ጡንቻዎች የጭኑን አጥንት ከቦታው ቀስ በቀስ ይስቡታል። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ከሦስት አንዱ ገደማ ዳሌው ይንሸራተታል። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን እንኳ አይነግረንም፤ ሲታወቅ ቀዶ ሕክምና ደርሶ ይሆናል። ስለዚህ መቆሚያ ቢኖርም የዳሌ ራጅ ክትትል አይቅር።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጂኒ ፔሌግና ባልደረቦቿ የቀደሙ ጥናቶችን መርምረው ያወጡት ምክር በሳምንት 5 ቀን መቆም ነው፤ ለአጥንት ጥንካሬ በቀን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ ለዳሌ 60 ደቂቃ፣ ያውም እግሮቹ በልክ ተከፍተው። ማስረጃው በሁሉም ነጥብ እኩል ጠንካራ ባይሆንም ባለሙያዎች የሚመሩበት ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ማቆም ግን ልጁን ማስጠላት ነው። በጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ ይጨመራል። ቆዳው ከቀላ ወይም ካመመው አውርዶ ባለሙያውን መጠየቅ ነው።

መቆሚያ መራመድ ያስተምራል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ጸበል የሚያስጠምቅም ያስጠምቅ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ነገር ግን ቡና ሲፈላ ከወንድሞቹ ዓይን እኩል ሆኖ ከገበታው ላይ ፈንዲሻ የሚያነሳ ልጅ ምን እንደሚሰማው ማንም ወላጅ ያውቀዋል።

ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ ከኪስ ከማውጣት በፊት መብትን መጠየቅ ይገባል። «ካሊፎርኒያ ችልድረንስ ሰርቪስስ» የተባለው ፕሮግራም ሴሬብራል ፓልሲ የመሳሰለ ሕመም ያለባቸውን እስከ 21 ዓመት ያገለግላል፤ በትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚሰጠው የቴራፒ አገልግሎት የገቢ ገደብ የለውም። ሜዲካል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2016 ጀምሮ ከ19 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ወረቀት ሳይጠይቅ ተቀብሏል፤ የገቢ መስፈርቱ ግን እንዳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው የላንተርማን ሕግ የቆሙት 21 ሪጅናል ሴንተሮችም አሉ፤ ሰባቱ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ናቸው። ልጁ ለትምህርቱ መቆሚያ ካስፈለገው ደግሞ ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በ15 ቀን ውስጥ የምርመራ ዕቅድ ማቅረብ አለበት። በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የአሥር ዓመት እህቱን አስተርጓሚ ማድረግ ይቅር፤ የወንድሟን ምርመራ ለእናቷ እንድትተረጉም መፍረድ ነው።

«አልተፈቀደም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ብዙዎቻችን እጥፍ አድርገን መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። የሜዲካል ኢንሹራንስ ድርጅት ሲከለክል በ60 ቀን ውስጥ ለራሱ ይግባኝ ይባላል፤ በዚያም ካልተሳካ በ120 ቀን ውስጥ የስቴት ችሎት ይጠየቃል። ቀኑ የሚቆጠረው በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ነውና ፖስታውን አታሳድሩት።

ያገለገለ መቆሚያ ወደ አገር ቤት መላክ የሚፈልጉም አሉ፤ መልካም ሐሳብ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚሠራው የመናገሻው ቼሻየር በልጆች አካል ጉዳት ላይ የሚሠሩ ናቸው። ዴቪድ ወርነር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ስለ ገጠር አካል ጉዳተኛ ልጆች በሚናገር መጽሐፉ መቆሚያን ከእንጨት መሥራት እንደሚቻል በሥዕል አሳይቷል፤ በዚምባብዌም ከካርቶንና ከሙጫ ይሠሩታል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልኩን ከሰጠው የሠፈር አናጢ ይሠራዋል። የሚልክ ሰው ግን አስቀድሞ የልጁን ቁመት፣ የጉልበቱንና የደረቱን ልክ በስልክ ያስለካ፤ ብሎኑንና መፍቻውንም አብሮ በከረጢት ይሰር።