ፈንገስ በሚያሻው ምግብ ሲለይ

ከሐዋሳ ዙሪያ አንሥቶ ወደ ሲዳማ ደጋማ ወረዳዎች በሚዘልቀው የቡና ምድር፣ ዝናብና ብርድ በበረታበት ወቅት በለጋው አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጠቆር ብላ የምትሰረጉድ ነጥብ ትታያለች፤ እየሰፋችም ፍሬውን ስታዳርሰው ጠቁሮ ይረግፋል፣ ወይም ደርቆ ከቅርንጫፉ ጋር እንደተንጠለጠለ ይቀራል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1922፣ በኢትዮጵያ በ1971 የታወቀው ይህ የቡና ፍሬ በሽታ መንሥኤው ኮሌቶትሪከም ካሃዌ የተባለ ፈንገስ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ በመልክ እጅግ ስለሚመስሉት፣ በ1993 ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ሲሰየም ከመለያዎቹ አንዱ አመጋገቡ ነበር፤ ሲትሬት ወይም ታርትሬት (ሎሚንና ወይንን ከሚያኮመጥጡ አሲዶች የሚገኙ ውሁዶች) ብቸኛ የካርቦን ምንጭ ሆነው ሲቀርቡ ዘመዶቹ ሲያድጉ እርሱ አያድግም።

እንዲህ ያለው በዘር የሚተላለፍ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ መንገዱን ያሳዩት ቢድልና ታተም የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተሙት ሥራ ኒውሮስፖራ የተባለውን የዳቦ ሻጋታ በኤክስሬይ ጨረር መትተው ዘሮቹን ለየብቻ አሳደጉ። ጤነኛው ሻጋታ ስኳር፣ ጨዋማ ማዕድናትና ባዮቲን የተባለ አንድ ቫይታሚን ካገኘ ሌላውን ሁሉ ራሱ ይሠራል፤ 299ኛው ናሙና ግን በዚህ ምግብ ላይ አላደገም፣ ቫይታሚን ቢ6 ሲጨመርለት ግን አደገ። ዘረመል ኢንዛይም የሚሠራበት መመሪያ ሲሆን፣ ኢንዛይም ደግሞ አንዱን ውሁድ ወደ ሌላው የሚለውጥ ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህ በመመሪያው ላይ ለውጥ፣ ማለትም ሚውቴሽን፣ ሲደርስ የሥራው ሰንሰለት ይቋረጣል። ምጣዱ የተሰበረበት ቤት ሊጡ በቡሃቃ ተቦክቶ ሳለ እንጀራ ከጎረቤት እንደሚፈልግ፣ ፈንገሱም ትናንት ራሱ ያበስለው የነበረውን ዛሬ ከውጭ ይሻል።

ጉድለቱ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለት ግን አይደለም፤ የጎደለውን አሟልቶ የሚያቀርብ ተክል ካገኘ ፈንገሱ ያለ ችግር ይኖራል፣ ዋናውም ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ያጠቃው የግንድ ዋግ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ በ2011 ይፋ የሆነው የዚህ ፈንገስ ሙሉ የዘረመል ንባብ ናይትሬት የተባለውን የናይትሮጅን ውሁድ ለመጠቀም ከሚያስፈልጉት ዘረመሎች ከፊሎቹ እንደሌሉት አሳይቷል። ናይትሮጅኑን ከሕያው ስንዴ ስለሚወስድ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ማሳደጉ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የዋግ ናሙናዎችን የሚለዩ የአምቦ ተመራማሪዎችም አስቀድመው የስንዴ ቡቃያ ያበቅላሉ።